በመልካው የታየው ፊት

ሰንሰለቱ አጭር ስለነበር ዳገቱን እኩል መውጣት ነበረባቸው። ደርበው ቆም ካለ የዳምጤ ክንድ ይጎተታል፤ ዳምጤ ድንጋይ ዘሎ ካለፈ የደርበው አንጓ ይላጣል። ከመቱ ሲነሡ ጭጋጉ ገና ከዛፎቹ አልለቀቀም ነበር። አሁን ፀሐይ ወጥታ፣ ጭቃው ከእግራቸው ሥር እየከዳቸው፣ ወደ ጎሬ የሚወስደውን የጫካ መንገድ ተያይዘውታል።

ከኋላቸው ጋሼ ገብረ ሥላሴ ውጅግራ ጠመንጃቸውን እንደ ቀንበር በሁለት ትከሻቸው ላይ አጋድመው ይከተላሉ። ሁለቱን ሰዎች ጎሬ ዳኞች ዘንድ እንዲያደርሱ የመቱው ሹም የላካቸው የድሮ ወታደር ናቸው። ከእሳቸው ትንሽ ራቅ ብላ፣ ጥቁር የሐዘን ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ታጥቃ፣ የስንቅ አገልግል ያዘለች ወርቅውሃ ትመጣለች። የሟቹ የነጋዴው የምንዳዬ ሚስት ናት። ደርበው የምንዳዬ ታናሽ ወንድም ነው። ዳምጤ ደግሞ ምንዳዬን ገድሏል ተብሎ የተያዘው ሰው ነው።

በአገሩ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ። አንዱ እንዳይሸሽ፣ ሌላውም ክሱን ጥሎ እንዳይቀር ነው። ብዙውን ጊዜ ቁራኛው ከጥቂት ቀን አያልፍም። የዚያን ዓመት ግን ክረምቱ ቀድሞ ገባ፤ ዋናው ዳኛም ወደ አዲስ አበባ ተጠርተው ሄዱ። ሁለቱ ሰዎች ከሰኔ እስከ መስከረም በሹሙ ግቢ፣ በአንዲት ጎጆ ውስጥ፣ በአንድ ቁርበት ላይ ጎን ለጎን ሲተኙ ከረሙ።

«እኔ በዕድሜዬ ብዙ ቁራኛ ነድቻለሁ» አሉ ገብረ ሥላሴ ከኋላ። «እንደናንተ የተስማማ ግን አላየሁም። ባልና ሚስት እንኳ አንድ ክረምት ሙሉ ሳይደባደብ አይከርምም።»

«መደባደብማ በምን እጃችን?» አለ ዳምጤ።

ደርበው ሊስቅ ነበር። ወርቅውሃ እንዳለች ትዝ ሲለው አፉን ዘጋ።

ከደም ባላንጣ ጋር በአንድ ገበታ አይበላም። ወርቅውሃ ክረምቱን ሁሉ ለደርበው ብቻ ምግብ ስታመላልስ ነበር። ዳምጤ ስንቅ የሚያመጣለት ዘመድ መቱ ውስጥ አልነበረውም፤ ከወሎ የመጣ አጋሰስ ነጂ ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ደርበው የተረፈውን ወደ ዳምጤ ገፋ ያደርግለታል። አብረው በልተው አያውቁም፤ ይኸው ነው፣ አንዱ በልቶ ሲተው ሌላው ያነሣል። ወርቅውሃ ይህን ታውቅ ወይም አታውቅ እንደሆነ ደርበው ጠይቋት አያውቅም።

ዳገቱ ለጥ ሲል አንዲት ሴት በመንገዱ ዳር የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል ዘርግታ ተቀምጣለች። ጋሼ ገብረ ሥላሴ ጠመንጃቸውን አውርደው ቆሙ።

«አካም ጅርቱ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጧት።

«ፈያ» አለችና ሁለቱን ሰዎች ከላይ እስከ ታች ተመለከተቻቸው። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ነፍሰ ገዳዩ የቱ ነው?» አለች።

«አንቺ ሰው ማወቅ ከቻልሽ ገምቺ» አሉ ገብረ ሥላሴ፣ ጨዋታ አግኝተው።

ሴትዮዋ ብዙ አላሰበችም። በጣቷ ደርበውን አመለከተች።

ገብረ ሥላሴ እስኪያስላቸው ሳቁ። ዳምጤም ሳቀ። ሴትዮዋ ስሕተቷ ገብቷት አፏን በመዳፏ ሸፈነች፤ ለካሳ ይሁን ከእፍረት ትልቁን ጎደሬ መርጣ ለደርበው አቀረበችለት። እሱ አልሳቀም። ክረምቱን ሙሉ ፊቱን በመስተዋት አላየም፤ ምን ይመስል እንደነበረ ለማሰብ ሲሞክር የመጣለት የዳምጤ ፊት ነው። ፂሙ፣ የጎደጎደው ጉንጩ። ገርሞት አለፈው።

ጎደሬውን እየበሉ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«እስቲ ነገ እንዴት አድርገህ ነው የምትናገረው?» አሉት ገብረ ሥላሴ ደርበውን። «ጎሬ እንደ መቱ እንዳይመስልህ። እዚያ የተንተባተበ የተረታ ነው። ቁም አልልህም፤ እየሄድክ በለው።»

ደርበው ጉሮሮውን ጠረገ። ታሪኩን ብዙ ጊዜ ተናግሮታል። ለሹሙ ተናግሯል፤ ለለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ ተናግሯል፤ ምግብ ባመጣችለት ቁጥር ለወርቅውሃ ተናግሯል፤ እሷ «እስቲ ድገምልኝ» ትለው ነበር። ዳምጤ አጠገቡ ተቀምጦ መሬት መሬቱን እያየ ይሰማል።

«ከሁሩሙ ገበያ ስንመለስ ከሶር ወንዝ መሻገሪያ፣ ከመልካው ደረስን» ብሎ ጀመረ። «ሊመሽ ነው፤ ያካፋል። ወንድሜ ምንዳዬ ፊት፣ እትዬ ወርቅውሃ በበቅሎ መካከል፣ እኔ አጋሰሶቹን እየነዳሁ ከኋላ ነን። ወንድሜ ውኃው ውስጥ ሲገባ ከማዶ፣ ከቁጥቋጦው ሰው ተነሣ። ነጭ ጋቢ ተሸፋፍኗል። ተኮሰ። ወንድሜ ወደቀ። ሰውየው የፊተኛይቱን በቅሎ ልጓም ሲይዝ ጋቢው ከፊቱ ተንሸራተተ፤ ወደ እኔ ዞሮ ጥርሱን አገጠጠብኝ። ከፊት ጥርሶቹ አንዱ የለም። ያ ሰው ይኸው ከእጄ ጋር የታሰረው ዳምጤ ነው።»

«ጎሽ!» አሉ ገብረ ሥላሴ። «ጥርሱን እንዳትረሳ። ዳኛ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል።»

«አዎ፣ ጥርሱ» አለች ወርቅውሃ ከኋላ። «እኔም አይቼዋለሁ።»

ሰንሰለቱ ተወጠረ። ዳምጤ ቆሞ ነበር።

«ደርበው» አለ፣ በቀስታ። «ይህን ጥርስ ከዚህ በፊት አላነሣኸውም። ጥርሴን ማን ሰበረው?»

ደርበው ጥያቄው አልገባውም። ዳምጤ ከንፈሩን በጣቱ ገልጦ ክፍተቱን አሳየው፤ ያን ክፍተት ሲናገርም ሲስቅም ሲያየው ከርሟል።

«ውኃ ልንወርድ ስንል፣ ከሹሙ ግቢ ኋላ። አዳለጠህና ይዘኸኝ ወረድክ። ድንጋዩ ላይ አፌን ተመታሁ። አንተ እኮ ነህ ደሜን በነጠላህ የጠረግህልኝ! ሐምሌ ነበር። ታስረን ነበር!»

ደርበው የሰንሰለቱን ቀለበት ዳበሰ። የጭቃው ቁልቁለት መጣለት፤ መንሸራተቱ፣ የሰንሰለቱ መጎተት፣ በነጠላው ላይ የፈሰሰው ደም። ሁሉም ትክክል ነው። ምንዳዬ የሞተው ግን በግንቦት መጨረሻ ነው።

«እንዴት…» አለ።

«ምን ሆናችሁ ቆማችሁ?» አሉ ገብረ ሥላሴ። «ጥርስ ካልሆነ ተወው፤ የሚታመን ነገር ብቻ ተናገር።»

እንደገና መራመድ ጀመሩ። ደርበው እየሄደ ወደ መልካው ተመለሰ። ውኃው አለ፤ ቡናማ፣ ቅጠል እየተሸከመ የሚወርድ። የምንዳዬ ጀርባ አለ። ጭሱም አለ። ነጩ ጋቢ ይንሸራተታል፤ ሰውየው ይዞራል፤ ጥርሱ የለም። ጥርሱን መልሶ ሊተክልለት ሞከረ። ያን ጊዜ አፉ ጠፋ። አፉን ሲፈልግ ፂሙ መጣ፤ ክረምቱን አጠገቡ ሲያድግ ያየው ፂም። ፂሙን ሲያነሣው ጉንጩ አብሮ ተነሣ። በመጨረሻ ጋቢው ውስጥ ምንም የለም፤ ጋቢው ብቻ በውኃው ዳር ቆሟል። ደንግጦ ትቶት ሲመለስ ደግሞ የዳምጤ ፊት ሙሉ ሆኖ፣ ጥርሱ ጎድሎ፣ እየሳቀበት ጠበቀው።

«እትዬ ወርቅውሃ» አለ ዞር ብሎ። «መጀመሪያ ቀን ምን ብዬ ነበር? በአውጫጭኙ ላይ፣ ሰዉ ሁሉ ሲያየኝ?»

አውጫጭኝ የተባለው፣ ወንጀል ሲፈጸም አገሬው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት ሸንጎ ነው። በመቱው ዋርካ ሥር በዝናብ ተቀምጠው ነበር። ላሞች ሳይታለቡ ይጮኻሉ፤ ልጆች ያለቅሳሉ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ፣ «ያ ወሎዬው አጋሰስ ነጂ የዚያን ዕለት ማታ ከቤቱ አልነበረም» አለ። ሰዉ ሁሉ ተነፈሰ። ከዚያ ሁሉም ወደ ደርበው ዞሩ። እሱ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሕዝቡም ብድግ ብሎ ላሙን ሊያልብ ሄደ።

«እሱ ነው ብለሃል» አለች ወርቅውሃ።

«ይመስላል ነው ያልኩት መሰለኝ።»

«እሱ ነው ብለሃል። እኔ አጠገብህ ነበርኩ።»

«ጋሼ፣ እርስዎም ነበሩ። ምን አልኩ?»

ገብረ ሥላሴ ጢማቸውን አሹ። «ይመስላል ያልክ ይመስለኛል። ወይስ ነው ነበር ያልከው? እንጃ ልጄ። ዝናብ ነበር፤ እኔም እርቦኝ ነበር። አንተ ገና አፍህን ስትከፍት ሰዉ ተነሥቶ አልነበር?»

«እኔ ግን ሰምቻለሁ» አለ ዳምጤ። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። እሱም አሰበ፤ ግንባሩ ተቋጠረ። «ሰምቻለሁ እላለሁ እንጂ… አሁን ስትጠይቁኝ ጠፋብኝ። አንድ ሰው እጄን ይዞኝ ነበር፤ እሱን ነው የማስታውሰው።»

ወርቅውሃ በፍጥነት ተራምዳ አጠገባቸው ደረሰች። ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«ምን እየሆንክ ነው አንተ? ከገዳይ ጋር ስትበላ ከርመህ ልብህ ተሰረቀ? አልነግርህም ብዬ እንጂ አይቻለሁ። አገልግሉ ባዶ ሆኖ ሲመለስልኝ አንተ ብቻ የበላኸው አልመሰለኝም።»

«እትዬ፣ ጥርሱ እኮ…»

«ጥርሱን ተወው! ጥርሱ ካልሆነ ዓይኑ ነው። ዓይኑን አልስተውም።»

«እርስዎ እኮ በቅሎዋ ጥላዎት ነበር። እኔ ሳነሣዎት ነጠላው ፊትዎ ላይ ተጠምጥሞ ነበር።»

«አየሁ አልኩህ።» የአገልግሉን ጠፍር በሁለት እጇ ያዘች። «ሌሊት ስነሣ የምረግመው እሱን ነው። ፊት የሌለውን ሰው እንዴት አድርጌ ልርገመው?»

አልፋቸው ወደ ፊት ሄደች። አገልግሉ በጀርባዋ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ከዛፉ ላይ ጉሬዛዎች ሲዘሉ ቅርንጫፉ ያጠራቀመውን ዝናብ በላያቸው ያራግፋል።

«እውነቱን ንገረኝ» አለ ደርበው በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለዳኛ አይደለም። ለእኔ።»

«ስንት ጊዜ ነገርኩህ? ሁሩሙ ወባ ጥሎኝ ተኝቼ ነበር። ቤቷ ያስተኛችኝ ሴት ነጋዴዎችን ተከትላ ወደ ጋምቤላ ወረደች። ሌላ ምስክር የለኝም።»

«እሺ።»

ዳምጤ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ወደ እሱ ሳያይ፣ «ግን አንድ ነገር አለ» አለ። «እንዳትቆጣኝ።»

«ምን?»

«እኔም አየዋለሁ። መልካውን። ስትናገረው ስሰማ ከርሜ ይሁን እንጃ፣ አንዳንድ ቀን ሲነጋጋ እዚያ ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ። ወንድምህ ሲወድቅ አየዋለሁ። ቀይ ነበር አይደል? አጭር?»

«ቀይ ነበር። አጭር ነበር።»

«በሕይወቱ አይቼው አላውቅም፣ በማርያም። በዚያ መልካ ሶርን ተሻግሬ አላውቅም።» ምራቁን ዋጠ። «ትኩሳቱ ሲይዘኝ ተነሥቼ ሄጄ ይሆን ወይ ብዬ እስከማሰብ ደርሻለሁ። ሰው ሳያውቀው ይገድላል?»

ደርበው ቃሉን በልቡ አገላበጠው። ያ ንግግር የገዳይ ኑዛዜ ነው? ወይስ ለብዙ ጊዜ ገዳይ ነህ ሲባል የከረመ ሰው ድካም? የዳምጤን ፊት አየው። ከሌላው ሰው ፊት ሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ፊት ነው፤ ከወንድሙም ይልቅ። የምንዳዬ ቅንድብ እንዴት ነበር ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ አልመጣለትም።

*

ጎሬ ከተራራው ላይ በቆርቆሮና በሣር ክዳኖቿ ታየች። ያን ዕለት ከከተማው ዳር ከአንድ የገብረ ሥላሴ ባልንጀራ ቤት አደሩ። በማግስቱ ማለዳ ዳኞቹ በግቢው አጥር አጠገብ ከጥድ ሥር ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። በመካከል ግራዝማች ሙሉብርሃን፣ ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ጭራ ይዘው። ከግራና ከቀኝ እንደ ማዕረጋቸው ሌሎቹ። ባለ ጉዳዩና ተመልካቹ ዙሪያውን ከብቦ ቆሟል። የቡና ነጋዴዎች፣ ጠመንጃ ያነገቡ ዘበኞች፣ ሥራ ፈትቶ ክርክር የሚያደምጥም ብዙ ነበር።

«የደሙ ባለቤት ማን ነው?» አሉ ግራዝማች።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ደርበው እባላለሁ።»

«በንግሥት አምላክ እውነቱን ተናገር። ወንድምህን የገደለው ይህ ነው?»

ደርበው ወደ ዳምጤ አላየም። ቢያየው የሚሆነውን አውቆታል። ወደ መሬቱ እያየ፣ «ጌታዬ፣ ይህን ሰው ሲገድል አየዋለሁ» አለ።

በሕዝቡ መካከል ጉምጉምታ ሆነ። ዳምጤ ዓይኑን ጨፈነ።

«አየዋለሁ። ነገር ግን የማየው ሰው ጥርሱ የተሰበረ ነው፤ የዚህ ሰው ጥርስ የተሰበረው ከእኔ ጋር ከታሰረ በኋላ ነው። የሰበርኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ የማየው የዚያን ዕለቱን አይደለም። የዚያን ዕለቱን ስፈልገው ደግሞ አጣዋለሁ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። «ከሳሹ ለተከሳሹ ይሟገታል እንዴ!» አለ ሌላው።

ከሁሉ ታናሹ ዳኛ፣ እንደ ሥርዓቱ አስቀድሞ አስተያየቱን መስጠት ያለበት፣ ተነሥቶ ቆመ። ግራ ተጋብቶ ወደ ግራዝማች ተመለከተ። «ጌታዬ፣ ይህ… አየሁ ብሏል። ደግሞ አላየሁም ብሏል። በየትኛው ልፍረድ?»

«ተቀመጥ» አሉ ግራዝማች። ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ደርበውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ሌላ ምስክር አለህ?»

«የወንድሜ ሚስት አሉ።»

ወርቅውሃ ከሕዝቡ ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታ እጅ ነሣች።

«አይተሻል?»

«አይቻለሁ፣ ጌታዬ። ይኸው ነው።» እጇን ወደ ዳምጤ ዘረጋች። «ሺህ ሰው መካከል ቢቆም አውቀዋለሁ።»

ደርበው ወደ እሷ ዞረ። አላመናትም ማለት አልቻለም፤ አመናትም ማለት አልቻለም። ከእሱ የበለጠ አይታ ቢሆንስ? ነጠላው ፊቷ ላይ ነበር ያለው እሱ ራሱ አይደለም? በጥርሱ የተሳሳተ ዓይን በነጠላውም ቢሳሳትስ?

ግራዝማች ከሌሎቹ ዳኞች ጋር ተንሾካሾኩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሕጉ ሁለት ምስክር ይላል። እናንተ ሁለት ናችሁ፤ ግን ክረምቱን ሁሉ ይህንኑ ታሪክ ስትነጋገሩ የከረማችሁ ናችሁ። ቢሆንም ከሳሹ ይዤዋለሁ ካለ የዚህችን ሴት ቃል ተቀብለን እንፈርዳለን፤ ፍርዱም ሞት ነው። ከሳሹ ለቅቄዋለሁ ካለ ይለቀቃል። ነገር ግን ስማ፣ ደርበው። ዛሬ በሸንጎ ከለቀቅህ የወንድምህን ደም ለቀቅህ። ነገ ሌላ ሰው ይዘህ በዚህ ደም አትመጣብኝም። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«እንግዲያስ ያዝ ወይም ልቀቅ።»

ደርበው የወርቅውሃ ዓይን ጎኑን ሲያቃጥለው ተሰማው። ምንዳዬን ለማየት ሞከረ፤ ቢያንስ እሱ ምን እንደሚል። የመጣለት ጀርባው ብቻ ነበር፤ በውኃው ውስጥ፣ ሳይዞር።

«ለቅቄዋለሁ» አለ።

ወርቅውሃ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ከሸንጎው ወጣች።

ብረት ቀጥቃጩ መጥቶ ሰንሰለቱን ፈታ። የደርበው ክንድ የቀለለው ያህል ወደ ላይ ተነሣበት፤ የሚያሳርፍበት ቦታ ስላጣ በሌላው እጁ ያዘው። ዳምጤ አንጓውን እያሸ ቆመ። አላመሰገነውም፤ ደርበውም አልጠበቀም። ገብረ ሥላሴ ብቻ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ተፋታችሁ» አሉና የሚስቅ ሰው ሲያጡ ውጅግራቸውን ወደ ትከሻቸው አነሡ።

ሕዝቡ ሌላ ክርክር ለመስማት ሲጠጋ ዳምጤ ወደ ደርበው ቀረበ።

«አሁን ዓይንህን ብትጨፍን፣ መልካው ላይ ማን ነው?»

ደርበው መጨፈን አላስፈለገውም።

«አንተ» አለው።

ዳምጤ ራሱን ነቀነቀ፤ የሚያውቀውን ነገር እንደ ነገሩት ሰው። ጋቢውን አስተካክሎ ወደ መቱ የሚወርደውን መንገድ ያዘ። ወርቅውሃ ከፊቱ ርቃ ትታያለች። ሌላ መንገድ ስላልነበረ፣ ትንሽ ቆይቶ ደርበውም ተከተላቸው።